ከመሰካታችን በፊት ብናነብ ኖሮ

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ አባቶቻችን። በመስቀል በዓል አገና ላይ እኛን የገጠመን ይኸው ነው። ነገሩ የሚያሳፍር ቢሆንም ለነገ መምህራን ይጠቅማል ብለን ስላመንን በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለማውጣት ተስማምተናል።

እንደሚታወቀው በጉራጌ አገር መስከረም ሲጠባ በየከተማው የተበተነው ሰው ሁሉ ለመስቀል ወደ ትውልድ ቀዬው ይገባል። እኛም አራት የአንድ ሰፈር ልጆች ወደ አገና ገባን። ከአዲስ አበባ ከመጡት እንግዶች መካከል የአንዳችን አጎት ነበሩ። ጋሼ ይዘውት የመጡት አንድ የጊታር አምፕሊፋየር ዓይናችንን ሳበው። ትራንዚስተር ሳይሆን አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቫልቮች የሚሠራ፣ በጥንቱ ሞዴል የተሠራ 15 ዋት ዕቃ ነው። የራሱ እስፒከር ግን የለውም፤ በጀርባው ባሉት ቀዳዳዎች ከሌላ ሳጥን ጋር መገናኘት አለበት።

የቫልቭ ነገር ለምን ይወደዳል ቢባል፣ ድምጹ ነው። ትራንዚስተር ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ድምጹ በአንድ ጊዜ ይቆረጣል፤ ቫልቭ ግን ቀስ እያለ ይሻክራል፣ ይሞቃል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዓለም የታወቁት የጊታር አምፕሊፋየሮች በቫልቭ የሚሠሩ ነበሩ። እኛም ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ»ን እየሰማን ያደግን ልጆች ስለሆንን እንዲህ ያለ የድሮ ዘመን ድምጽ በግቢያችን እንዲሰማ ቋመጥን።

«ጋሼ፣ ሳጥኑን እኛ እንሠራለን፤ ለበዓሉ ማታ ይፍቀዱልን» አልናቸው።

«እሺ፤ ግን ዕቃው አደራ!» አሉን።

ሞንታርቦ የሚያህል ነገር የምናመጣበት አቅም ስላልነበረን ትንሽ ሳጥን ከኮምፔንሳቶ አሠራን። ውስጡ ያስገባነው ከአሮጌ መኪና የወጣ እስፒከር ነው። በአምፕሊፋየሩ ጀርባ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ በአንዱ ላይ 8 ኦም፣ በሌላው ላይ 16 ኦም ተጽፏል። እኛ ምን ብናስብ ጥሩ ነው? «ትልቁ ቁጥር ትልቅ ድምጽ ይሰጣል» ብለን 16 ላይ ሰካን! ማገናኛ ገመዱም የእስፒከር ሳይሆን ቀጭኑ የጊታር ገመድ ነበር።

ጨዋታው ደመቀ። ጊታሩ ከጭብጨባው ጋር ሲገጥም ሰው ሁሉ ተነሣ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄደ በኋላ አንድ ጨፋሪ ገመዱን ረግጦት ኖሮ ሳጥኑ ዝም ጭጭ አለ። እኛ ገመዱ መነቀሉን ሳናይ ድምጹ የቀነሰ መስሎን ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው አዞርነው፤ ጊታሩም መመታቱን አላቆመም። ከውስጥ «ጠቅ» የሚል ድምጽ ተሰማ፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ ቫልቮቹ ጠፉ።

«ምን ሆነ?» አሉ ጋሼ።

«መብራቱ ነው ጋሼ፤ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል» አለ አንዳችን። የቀረነው ሦስታችን መሬት መሬት አየን እንጂ አላስተባበልንም። ስለዚህ ውሸቱ የአራታችንም ነው።

በዓሉ እንዳለፈ ዕቃውን ተሸክመን ወልቂጤ ወደሚገኙ አንድ የራዲዮ ጠጋኝ ሄድን። እዚያም የመብራቱን ወሬ ጀመርን። ሰውዬው ምንም ሳይመልሱ ቴስተራቸውን ከእስፒከሩ ጋር አገናኙ፤ ከ3 ኦም ትንሽ ከፍ ያለ አሳየ።

«ይህ የ4 ኦም የመኪና እስፒከር ነው። የት ላይ ሰካችሁት?»

ዝም አልን።

«ምን ትማራላችሁ?»

«መምህርነት።»

«የኦምን ሕግ ታውቃላችሁ?»

አራታችንም በአንድ ድምጽ አነበነብንላቸው። ሳቁብንና ወረቀት አውጥተው ያስረዱን ጀመር።

በዚያ አምፕሊፋየር ውስጥ ሁለት ኢኤል84 የተባሉ ቫልቮች አሉ። በሚገባ ለመሥራት ፊታቸው 8,000 ኦም ያህል ተቃውሞ እንዲቆም ይፈልጋሉ። እስፒከር ግን 4፣ 8 ወይም 16 ኦም ነው። ሁለቱን የሚያስታርቀው የመውጫ ትራንስፎርመሩ ነው። 8,000 ለ8 ሲካፈል 1,000 ይሆናል፤ የ1,000 ስኩዌር ሩት ደግሞ 32 ገደማ ነው። ስለዚህ ለ8 ኦም ቀዳዳ በቫልቭ በኩል ያለው ጥምጥም በእስፒከር በኩል ካለው 32 እጥፍ ያህል ነው ማለት ነው። እኛ በ16 ቀዳዳ ላይ የ4 ኦም እስፒከር ስንሰካ ቫልቮቹ በ8,000 ፈንታ 2,000 ኦም ብቻ አገኙ፤ ከአቅማቸው በላይ ኮረንቲ እየሳቡ ተሠቃዩ።

ገመዱ ሲነቀል ደግሞ ባሰ። ጉልበቱ መውጫ ሲያጣ በትራንስፎርመሩ ላይ ያለው ቮልት ወደ ላይ ይዘላል፤ ብልጭ እያለ የጥምጥሙን ልባስ ሊበሳው ይችላል። የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ባዶውን ቢቀር አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም፤ የሚፈራው የሽቦ መነካካትን ነው። የቫልቭ አምፕሊፋየር ግን ያለ እስፒከር ፈጽሞ መከፈት የለበትም። ደግነቱ የእኛ ትራንስፎርመር ተርፎ የተቃጠለው ፊውዙና አንድ ቫልቭ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ወደ አገና ስንመለስ ለጋሼ እውነቱን ነገርናቸው። ከስብራቱ ይልቅ ይህ ከበደን። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና የጥገናው ዋጋ ስንት እንደሆነ ብቻ ጠየቁን። ሙሉውን ከየኪሳችን አዋጥተን እንድንከፍል አደረጉን። ትክክል ነበሩ።

ጠጋኙ ለሳጥናችን ከአሮጌ የጊታር አምፕሊፋየር የወጣ 12 ኢንች እስፒከር ሰጡን፤ 8 ኦም፣ 30 ዋት ይላል። ለ15 ዋት አምፕሊፋየር 30 ዋት ለምን አስፈለገ ብንል፣ የቫልቭ አምፕሊፋየር ሲጨነቅ ከተጻፈለት በላይ ስለሚያወጣ እጥፍ የሚችል እስፒከር ቢሆን ይመረጣል አሉን። ሌላም ነገር ተማርን። እስፒከር በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት የሚሰጠው ድምጽ በዴሲቤል ይለካል። 100 ዴሲቤል የሚሰጠው እስፒከር በ1 ዋት የሚያሰማውን፣ 90 የሚሰጠው ለማሰማት 10 ዋት ይፈልጋል። ስለዚህ ትንሽ አምፕሊፋየር ያለው ሰው ዋት ከመጨመር ይልቅ ጥሩ እስፒከር ቢፈልግ ይሻለዋል። ትንሽ ሳጥን ወፍራሙን ድምጽ ያሳንሳል፤ እኛም ወደ ግድግዳው ጥግ ስናስጠጋው ወፍራሙ ድምጽ መለስ አለልን። ጋሼ ከመመለሳቸው በፊት በ8 ቀዳዳ፣ በወፍራም የእስፒከር ገመድ አገናኝተን አሰማናቸው። ያች ትንሽ ሳጥን ግቢውን ሞላችው።

እንግዲህ የሥራ ጓደኞቻችን፣ ነገ በየትምህርት ቤቱ የሚኒ ሚዲያው ዕቃ በእጃችን ይገባል። ኦሙን አንብበን እናገናኝ፤ ሁለት የ8 ኦም እስፒከሮች ጎን ለጎን ሲያያዙ 4፣ በተርታ ሲያያዙ 16 እንደሚሆኑ አስልተን እንሥራ። የቫልቭ አምፕሊፋየርን ክዳን ተማሪ እንዳይከፍት እንከልክል፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በካፓሲተሮቹ ውስጥ ሰው የሚገድል ቮልት ሊቀር ይችላል።

የኦምን ሕግ በፈተና ወረቀት ላይ ሁላችንም ጽፈን ነጥብ አግኝተንበታል። በአምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ተጽፎ ስናየው ግን አላወቅነውም። ክፍል ውስጥ ስንቆም ተማሪዎቻችን ሕጉን ከማነብነባቸው በፊት አንድ አሮጌ እስፒከርና አንድ ቴስተር በእጃቸው እንዲይዙ እናድርግ። ተሳስተን ዕቃ ስናበላሽም «መብራቱ ነው» አንበል።