የሳኦል ጥሩርና ባለ ሁለት አፈሙዙ ጠመንጃ



ባለፈው ወር፣ መቱ ሳለ በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማርነው አሁን ግን አሜሪካ የሚኖር ወንድም ደወለልን። «ፓስተር፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር» ሲል ስለ ትዳር መስሎን ተዘጋጀን። እሱ ግን ጎሽ ለማደን የመጀመሪያውን ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ሊገዛ ነው። «375 ይሻላል ወይስ 470?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። የ375ቱ እርሳስ ወደ 19 ግራም፣ የ470ው ወደ 32 ግራም ይመዝናል። ሁለቱን አፈሙዞች አንድ ቦታ እንዲመቱ የሚያስማማቸው ባለሙያ የሚያስተካክለውም ለአንድ ዓይነት ጥይት ነው። ስለዚህ ከተገዛ በኋላ ሐሳብ መቀየር አያዋጣም።

አባታችን የበቆሎ ማሳውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የሚጠብቅበት አሮጌ ማውዘር ነበረው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነን ለምነን ተኮስንበት። ትከሻችን ሳምንት ሙሉ አበጠ። የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ ቀላል ጠመንጃ ሲሰጡን እንኳ ቃታውን ሳንስብ ዓይናችን ይጨፈን ጀመር። የ470ው እርሳስ ደግሞ ከዚያ ማውዘር እርሳስ በእጥፍ ይበልጣል።

1ኛ ሳሙኤል 17ን ስንሰብክ ብዙ ጊዜ ትንሿን ድንጋይ እናጎላለን። ዳዊት የሳኦልን ጥሩር ያወለቀው ግን መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የንጉሥ ዕቃ ነው፣ ምን ይወጣለታል? ያወለቀው ስላልተለማመደው ነው። ወንጭፉን ግን ከበጎች ኋላ ሲውል ለምዶታል።

ይህን የምንለው አፍረን ነው። ከነገረ መለኮት ኮሌጅ ተመርቀን ጎሬ አካባቢ ባገለገልንበት የመጀመሪያ ዓመት፣ ልጇ የሞተባት እናት ቤት ለልቅሶ ሄድን። ወረቀት አውጥተን ስለ መከራና ስለ እግዚአብሔር ሉዓላዊነት አርባ ደቂቃ ያህል አስተማርን፤ የግሪክ ቃል ሳይቀር። እናቲቱ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ስንጨርስ አንድ ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ አጠገቧ ተቀምጠው የልጁን ስም ጠሩና አለቀሱ። እሷም ያኔ ገና አለቀሰች። ትልቁን ጥይት ዓይናችንን ጨፍነን ተኩሰን ነበር።

ለወንድማችን እንዲህ አልነው፦ «ገና አትግዛ። ሁለቱንም ተውሰህ ተኩስ፤ ዒላማውን ተወውና ዓይንህን ተጠባበቅ። 375ም ለጎሽ አያንስም፤ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለእንዲህ ያለው አውሬ የተፈቀደው ዝቅተኛው ልክ እሱ ነው።»

ቅዳሜ ደወለ። «470ውን ሦስቴ ተኮስኩ፤ በአራተኛው ዓይኔ ቀድሞ ተጨፈነ ፓስተር» አለን እየሳቀ። 375ቱን ሊገዛ ነው፤ የጥይቱ ዋጋ ግን አስደንግጦታል። ስለ ትዳሩ አሁንም አልጠየቀንም።