ንጉሥ ሲከሰስ

በየዓመቱ ለዲዋሊ በዓል ህንዳዊቷ ጎረቤቴ በደጃቸው የሸክላ መብራት ይደረድራሉ። በእሳቸው አገር ወግ መብራቱ ራማ ከ14 ዓመት ስደት በኋላ ወደ አዮድያ የተመለሰበትን ቀን ያስባል። እኔም ስደተኛ ነኝና መመለስን የሚያከብር በዓል ልቤን ይነካዋል። አንድ ጊዜ ግን፣ «የሲታስ ነገር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ክሩን እያስተካከሉ ጥቂት ዝም አሉና፣ «እኛም ሴቶቹ እንጠይቃለን» አሉኝ።

ራማ የግዴታ ሰው ነው። አባቱ ንጉሥ ዳሻራታ ለሚስቱ ለካይኬዪ የሰጠው ቃል እንዳይታጠፍ ዙፋኑን ትቶ ጫካ ገባ። ሲታም ተከተለችው። ራቫና ወደ ላንካ ጠልፎ ሲወስዳት አልተበገረችም፤ ነፃ ከወጣችም በኋላ እሳት ውስጥ ገብታ ንጽሕናዋን አስመሰከረች። ይሁንና ራማ ከነገሠ በኋላ፣ በሌላ ወንድ ቤት የኖረችን ሴት ንጉሡ እንዴት መለሳት የሚል ሐሜት በከተማው ተነዛ። ራማ ንጹሕ መሆኗን ያውቃል። ቢሆንም ነፍሰ ጡር ሚስቱ መናንያንን ለመጎብኘት መመኘቷን ሰበብ አድርጎ፣ ወንድሙ ላክሽማና ከጋንጅስ ማዶ ወስዶ እንዲተዋት አዘዘ።

የራማ ጠበቆች የሚሉት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ንጉሥ የግል ሕይወት የለውም፤ ዙፋን ከተጠረጠረ ሕግ ይላላል ይላሉ። ደግሞም ሌላ ሚስት አላገባም፤ በመሥዋዕቱ ሥርዓት ላይ የሲታን የወርቅ ምስል ከጎኑ አቆመ። ሐዘኑን አልጠራጠርም። ሆኖም ሲታ ሚስቱ ብቻ ሳትሆን ከሚገዛው ሕዝብ አንዷ ነበረች። የባልነቱን ግዴታ ለንጉሥነቱ ሠዋ ሲባል፣ የንጉሥነቱስ ግዴታ ተፈጸመ ወይ? ንጹሕ መሆኗን እያወቀ በሐሜት የፈረደባት ንጉሥ ከሁለቱ የትኛውን ጠበቀ?

ይህን ስጽፍ ራሴን አልረሳም። በወጣትነቴ «ለሕዝብ» እያልሁ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ስሮጥ፣ ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ያማጠችው ብቻዋን ነበር። ሕዝቡ ቅር እንል ነበር አላለኝም፤ የለመነችኝ እሷ ነበረች። ስለዚህ ራማን የምከሰው ከዳኛ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳይሆን ከጎኑ ቆሜ ነው።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል የእኛ ተረት። በቫልሚኪ ስም የሚጠራው ራማያና ግን ንጉሡን ከክስ አያድነውም። በጫካ የተወለዱት መንትዮች፣ ላቫና ኩሻ፣ ታሪኩን በአባታቸው አደባባይ ቆመው ያዜሙታል። ራማ ልጆቹ መሆናቸውን ሲረዳ፣ እናታቸው መጥታ በሕዝብ ፊት እንድትምል ጠየቀ። እሷ ግን እናቷን ምድርን ጠራች፤ ምድርም ተከፍታ ተቀበለቻት።

ይህ የመጨረሻው መጽሐፍ ኋላ የተጨመረ ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። በ8ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ባለቅኔ ባቫቡቲም በተውኔቱ ባልና ሚስቱን አስታርቆ ጨረሰ። ራማን የሚወዱት ሰዎችም ፍርዱ ከብዷቸው ኖሯል ማለት ነው። ጎረቤቴ ለበዓሉ ሲጠሩኝ ዛሬም እሄዳለሁ። መብራቱን አብረን እናበራለን፤ ጥያቄውንም አብረን እንጠይቃለን።