ያልተቆጠረው

አገሮችን በየመስፈርቱ መደርደር የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ የዘወትር ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 የተባበሩት መንግሥታትን ከመሠረቱት አገሮች አራቱ አፍሪካውያን ናቸው፤ ግብፅ፣ ኢትዮጵያ፣ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ። ዛሬ በሕዝብ ብዛት ብደረድራቸው ኢትዮጵያ ትቀድማለች፤ በቆዳ ስፋት ግን ደቡብ አፍሪካ። ለዚህም በፓይተን ቋንቋ የስሙንና የቁጥሩን ዝርዝር «ዚፕ» በተባለው ትእዛዝ አጣምሬ በቁጥሩ እደረድራለሁ።

አደጋው ከማጣመሩ ላይ ነው። ከቁጥሮቹ የኢትዮጵያው ቢጎድል፣ የላይቤሪያው ለኢትዮጵያ፣ የደቡብ አፍሪካው ለላይቤሪያ ይሰጣል፤ ደቡብ አፍሪካም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ከዝርዝሩ ትወጣለች። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ጉድለቱን የሚያጋልጥ ጥብቅ ምርጫ ተጨምሯል፤ ካላዘዙት ግን አይሠራም።

ስለዚህ የደረጃ ሰንጠረዥ በቀረበልኝ ቁጥር፣ ማን አንደኛ ወጣ ከማለቴ በፊት፣ ማን ሳይቆጠር ቀረ ብዬ እጠይቃለሁ።