«የቅናሽ ኮድ አለዎት?»

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ሴትዮዋ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የቀን ፈረቃዋን ጨርሳ ገብታለች። እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ ስልኳን ይዛለች። አዲስ አበባ ኮልፌ ያሉት እናቷ የደም ግፊት አለባቸው። ለመለካት ጤና ጣቢያ ድረስ ይሄዳሉ፣ ወረፋ ይጠብቃሉ፣ ደክሟቸው ይመለሳሉ። ሐኪሙ «ቤት ውስጥ መለኪያ ቢኖርዎ ጥሩ ነበር፤ ጠዋትና ማታ እየለኩ ይመዘግቡ ነበር» ብሏቸዋል።

መንገደኛም ተገኝታለች። ከቤተ ክርስቲያን የምታውቃት አንዲት እህት ቅዳሜ ጠዋት ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ ትበራለች። «ሁለት ኪሎ እወስድልሻለሁ፤ ግን ዓርብ ማታ ሻንጣዬን ስለምዘጋ እስከዚያ አድርሺልኝ» ብላታለች። ውጭ አገር የኖረ ሰው የሁለት ኪሎን ዋጋ ያውቃል። መንገደኛ ለምኖ ማግኘት ዕቃውን ከመግዛት ይከብዳል።

ስለዚህ ሥራው ቀላል ነበር። በአንድ የኢንተርኔት ሱቅ መለኪያውን በ64 ዶላር፣ ለእናቷ የሚመች ጫማ ደግሞ በ48 ዶላር መረጠች። ድምሩ 112 ዶላር ሆነ። ከሥሩ «እስከ እኩለ ሌሊት ካዘዙ ዓርብ ይደርሳል» ይላል። ሰዓቱ ገና ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። አድራሻዋን ጻፈች፤ ካርዷን ከቦርሳዋ አወጣች።

ከካርድ ቁጥሩ በላይ ግን አንዲት ጠባብ ሣጥን አለች። «የቅናሽ ኮድ አለዎት?» ትላለች።

የላትም። ከአንድ ደቂቃ በፊት 112 ዶላር ለሁለቱ ዕቃዎች ተገቢ ዋጋ መስሎ ታይቷት ነበር። ሣጥኗን ካየች በኋላ ግን ያው 112 ዶላር የሞኝ ዋጋ ሆነ። ሣጥኗ ሳትናገር የነገረቻት ነገር አለ፦ ይህንኑ ጫማ፣ ይህንኑ መለኪያ፣ ዛሬ ማታ፣ ከዚህችው ሱቅ ካንቺ ባነሰ ዋጋ የሚገዛ ሰው አለ። ልዩነታችሁ እሱ አንድ ቃል ማወቁ ብቻ ነው። ይህን ከሰማ በኋላ ዝም ብሎ የሚከፍል ጥቂት ነው። በወር ለሁለት ቤት የምትከፍል ሴት፣ አንዱ እዚህ አንዱ ኮልፌ፣ ዝም ብላ ልትከፍል አትችልም። ካርዷን አስቀምጣ መፈለግ ጀመረች።

የሱቁን ስምና «ኮድ» የሚለውን ቃል ጎግል ላይ ስትጽፍ በደርዘን የሚቆጠሩ ገጾች መጡ። ሁሉም «ዛሬ የተረጋገጠ» ይላሉ። «ሴቭ20» ሞከረች፤ «ጊዜው አልፎበታል»። «ዌልካም15» ሞከረች፤ «ለመጀመሪያ ግዢ ብቻ»። ሌላ ሞከረች፤ «በቅናሽ ላይ ባሉ ዕቃዎች ላይ አይሠራም»። ሌላው ከ150 ዶላር በላይ ለሚገዛ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ አፍታ ካልሲም ልጨምር ይሆን ብላ አሰበች፤ ሱቁም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ኮዶቹ አልሠሩም፤ ገጾቹ ግን ሥራ ላይ ነበሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። «ኮዱን ለማየት ይጫኑ» የሚለውን ስትጫን ገጹ ሱቁን በሌላ መስኮት ይከፍተዋል። በዚያች ቅጽበት ኩኪ የሚባል ትንሽ ምልክት ስልኳ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ከገዛች፣ ኮዱ ሠራም አልሠራም፣ ሱቁ «ይህችን ደንበኛ ያመጣልኝ ይህ ገጽ ነው» ብሎ ኮሚሽን ሊከፍል ይችላል። ያመጣት ግን ማንም አይደለም። ካርዷን በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አዲስ አበባ ቤት የተከራየ ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል። አከራይና ተከራይ ተስማምተው ሲጨባበጡ ከጥግ ብቅ ብሎ «እኔ ነኝ ያገናኘኋችሁ» የሚለው ደላላ ነው።

ይህ ደግሞ የትንንሽ ገጾች ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሃኒ የሚባል፣ ብሮውዘር ላይ የሚጫን፣ ክፍያ ገጽ ላይ ብቅ ብሎ «ኮድ ልፈልግልዎ» የሚል ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተጀመረ ነው፤ ፔይፓል በ2020 መጀመሪያ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ወሰደው። ለተጠቃሚው ነጻ ነው። ነጻ የሆነ ነገር 4 ቢሊዮን ሲያወጣ ጥያቄ ሊነሳ ይገባ ነበር፤ ብዙ ሰው ግን አልጠየቀም። በታኅሣሥ 2024 ሜጋላግ የተባለ የዩቲዩብ ገጽ ረጅም ምርመራ አወጣ። ሃኒ፣ ደንበኛው ወደ ሱቁ የመጣው በሌላ ሰው ማስታወቂያ ቢሆንም እንኳ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት የዚያን ሰው ምልክት በራሱ ይተካል የሚል ክስ አቀረበ። ከሃኒ ጋር የሚሠሩ ሱቆች የትኛው ኮድ ለገዢው እንደሚታይ የመወሰን ዕድል አላቸው የሚልም አለበት። ፔይፓል በበኩሉ የመጨረሻዋን ጠቅታ መከተል የዘርፉ የተለመደ አሠራር ነው ብሎ መለሰ። ማስታወቂያ የሚሠሩ ዩቲዩበሮች ፍርድ ቤት ሄዱ። ጎግልም በመጋቢት 2025 ለገዢው ጥቅም ሳይሰጡ የኮሚሽን ምልክት የሚለጥፉ የክሮም ፕሮግራሞችን የሚከለክል ደንብ አወጣ። የፔይፓል መልስ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ የተለመደው አሠራር ይህ ከሆነ ችግሩ ከአንድ ድርጅት ይሰፋል።

ቆይ፣ ሱቁስ ለምን ሣጥኗን ያስቀምጣል? ዋጋውን ለሁሉም አይቀንስም ወይ? አይቀንስም፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው እኩል ግድ የለውም። 112 ዶላር የማይከብደው ሰው ሣጥኗን አያያትም፤ ይከፍላል፣ ይሄዳል። የሚከብደው ሰው ይፈልጋል፣ ይሞክራል፣ ካገኘ ይገዛል። ሱቁ ከመጀመሪያው ሙሉውን፣ ከሁለተኛው የቻለውን ይወስዳል። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ የበረራ ቲኬትም እንደዚሁ ነው የሚሸጠው። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል፦ ሀብታሙ ብዙ፣ ድኻው ጥቂት ይከፍላል።

ወረቀቱ የረሳው ጊዜን ነው። ኮድ ለመፈለግ ገንዘብ ማጣት ብቻ አይበቃም፤ ሰዓት መኖር አለበት። አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሞ የዋለ ሰው ሰዓት የለውም። እንግሊዝኛ የሚያዳግታቸው የሰፈር እናቶች፣ ኢሜይላቸውን ልጆቻቸው የሚከፍቱላቸው አባቶች፣ ሁለት ሥራ የሚሠሩት፣ እነዚህ ሁሉ ሙሉውን ዋጋ ይከፍላሉ። ኮዱን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልክ የሚነካካው ነው።

የሴትዮዋ እናት በዋጋ ክርክር የታወቁ ነበሩ። ሸማ ተራ ሲገቡ ነጋዴው ገና ከሩቅ «ዛሬስ እንዴት ያደርጉኝ ይሆን» ይል ነበር ይባላል። «መጨረሻውን ንገረኝ» ይላሉ። ይነግራቸዋል። ግማሹን ይጠራሉ። ይስቃል። እግራቸውን ያነሳሉ፤ ሦስት እርምጃ፣ አራተኛዋ ላይ «ይምጡ እሺ፣ ይምጡ» ይባላሉ። ይህም ቢሆን ገነት አልነበረም፤ ነጋዴው አዲስ ሰው ሲያገኝ ይገፈዋል፤ አነጋገሩ ከገጠር የመጣ የሚመስለውን ደግሞ ይብስበታል። ግን ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የሌላውን ፊት ያያል። ነጋዴው ቀንሶ ሲጨርስ «ለእርስዎ ብዬ ነው» ይላል፤ ውሸት ቢሆንም የሚባል ነገር ነው። ክርክሩም መጨረሻ አለው፤ ወይ ትገዛለህ ወይ ትሄዳለህ። ሣጥኗ ግን ፊት የላትም። «አይሠራም» ትላለች እንጂ «አልቀንስም» አትልም፤ ስለዚህ ቀጣዩ ቃል ይሠራ ይሆናል የሚል ተስፋ አይሞትም።

ደንበኛውም ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ጄሲ ፔኒ የተባለው የአሜሪካ ትልቅ የልብስ መደብር ኩፖንን በአንድ ጊዜ አስቀረ። ከአፕል ሱቆች የመጣው ሮን ጆንሰን የተባለ አዲስ ሥራ አስኪያጅ፣ ዋጋ ጨምሮ ከዚያ መቀነስ ሰውን ማታለል ነው፤ ከመጀመሪያው ትክክለኛውን ዝቅ ያለ ዋጋ እንለጥፍ አለ። ማን ይቃወማል? ደንበኞቹ ተቃወሙ፤ በመቅረት። የዚያ ዓመት ሽያጭ በሩብ ያህል ወረደ፤ ከ17 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረው ወደ 13 ቢሊዮን ገደማ ሆነ። ጆንሰን በሚያዝያ 2013 ተሰናበተ፣ ኩፖኑም ተመለሰ። ሰው ዝቅ ያለ ዋጋ ብቻ ሳይሆን «አስቀነስኩ» ማለትንም ይፈልጋል። ሱቆች ይህን ትምህርት አልረሱትም።

ወደ ማክሰኞ ማታ እንመለስ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲሆን ሴትዮዋ ኮሌጅ የምትማረው የእህቷ ልጅ ጋ ደወለች።

«አክስቴ፣ ዕቃዎቹን ቅርጫቱ ውስጥ ትተሽ ውጪ» አለቻት ልጅቷ። «ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ራሳቸው ኢሜይል ይልኩልሻል፤ ረስተሽ ነው ወይ ብለው፣ ከነኮዱ።»

«የኔ ቆንጆ፣ ነገ የለኝም እኮ። ዓርብ መድረስ አለበት።»

«እንግዲያው በሌላ ኢሜይል አዲስ ደንበኛ ሁኚ። አሥር በመቶ ይሰጡሻል።»

ልጅቷ ትክክል ነበረች። ሁለቱም ብልሃቶች ብዙ ሱቆች ጋ ይሠራሉ። ሴትዮዋ አዲስ ኢሜይል ከፈተች። የይለፍ ቃሉ ትልቅ ፊደል ይፈልጋል፣ ቁጥር ይፈልጋል። ሱቁ ስልክ ቁጥሯንም ጠየቀ፤ ሰጠች። ማረጋገጫው ቶሎ አልመጣም። በመሃል እግሯ ያለበት ውኃ ቀዘቀዘ። ኮዱ ሲደርሳት ቅርጫቱ በአሮጌው ስሟ ነበርና ሁሉንም ከመጀመሪያው መረጠች፤ የጫማውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አረጋገጠች። ኮዱን አስገባች። አረንጓዴ ምልክት ወጣ፦ 11 ዶላር ከ20 ሳንቲም ተቀንሷል። ለብቻዋ ሳቅ አለች። ከፈለች።

ሰዓቱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ20 ነበር። የማረጋገጫው ኢሜይል «ቅዳሜ ይደርሳል» ይላል።

ሐሙስ ወደ ሱቁ ደወለች፤ የሚመልስላት ማሽን ነው። ዓርብ ማታ መንገደኛዋ ጠበቀቻት፣ ጠበቀቻት፣ በመጨረሻ ለሁለት ኪሎው የሌላ ሰው የሕፃን ወተት ጨመረችበት። ምን ታድርግ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳጥኑ በር ላይ ተቀምጦ ሲገኝ አውሮፕላኑ ውቅያኖስ ላይ ነበር። ሌላ መንገደኛ ለማግኘት አምስት ሳምንት ፈጀ። በእነዚያ አምስት ሳምንታት እናቷ ጤና ጣቢያ ሰባት ጊዜ ተመላልሰዋል። ለአዲስ ደንበኛነት የሰጠችው ስልክ ቁጥር ላይ ደግሞ ሱቁ በየሁለት ቀኑ አዲስ ኮድ ይልክላት ነበር፤ ሃያ በመቶ የሚቀንስም ነበረበት።

መለኪያው ኮልፌ የደረሰ ዕለት እናቷ በቪዲዮ ደወሉ። ክንዳቸው ላይ አስረውታል፣ ጫማውንም አድርገውታል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ያያል። መርቀው ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስንት ገዛሽው?»

ነገረቻቸው።

«አስቀንሰሽ ነው?»

«አዎ እማዬ። አሥራ አንድ ዶላር።»

«ጎሽ» አሉ እናቷ። «ነጋዴው አስቸግሮሽ ነበር?»

ሴትዮዋ ጥቂት አሰበች።

«ነጋዴ አልነበረም» አለቻቸው።