ነብር አየኝ በል

በአማርኛችን ሰው ሰውን ሲያስጠነቅቅ «ነብር አየኝ በል!» ይለዋል። አነጋገሩን ረጋ ብሎ ለተመለከተው ሰው ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል፤ የሚያስፈራው ነብርን ማየት ነው እንጂ በነብር መታየት ምን ይጎዳል? ሆኖም ይህን ቃል ያወጣው ሰው፥ ማንም ይሁን ማን፥ ዱርን አብጠርጥሮ የሚያውቅ እንደ ነበረ አሁን እኔ ልመሰክርለት እችላለሁ። ለዚህ ምስክርነት ያበቃኝም በአገሬ ዱር ያገኘሁት ነብር አይደለም። ከአገሬ እጅግ ርቆ፥ በአሜሪካን አገር በኮሎራዶ ተራሮች የሚኖር፥ ስሙ አንበሳ ሆኖ አንበሳ ያልሆነ አውሬ ነው።

የምኖረው በዴንቨር ከተማ አጠገብ ነው። በዴንቨርና በጎረቤቷ በአውሮራ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ብዙ ስለ ሆነ እንጀራውም፥ ቡናውም፥ ቤተ ክርስቲያኑም አይታጣም፤ ጠመንጃ ይዞ ተራራ የሚወጣ የአገር ልጅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። እኔን ወደዚህ ነገር ያስገባኝ በመሥሪያ ቤት አብሮኝ የሚሠራ አሜሪካዊ ነው። የከብት አርቢ ልጅ ስለ ሆነ አደን ለርሱ የቤት ቀለብ እንጂ ጨዋታ አይደለም። በዚያ አገር ደግሞ እንደ ልብ አይታደንም። ከ1949 ዓመት መግቢያ ወዲህ የተወለደ ሰው ሁሉ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአዳኝነት ትምህርት ተምሮ ምስክር ወረቀት ካልያዘ ፈቃድ አይሸጥለትም። በጠመንጃው ወራትም 500 ካሬ ኢንች የሚያህል ደማቅ ብርቱካንማ ወይም ደማቅ ሮዝ ልብስ ከላዩ ማድረግ ግዴታው ነው፤ ይኸውም ሌላው አዳኝ በአውሬ እንዳይሳሳተው ነው።

እኛ የምናድነው ኤልክ የሚባለውን ነው። ባለ ቅርንጫፍ ቀንድ፥ ወንዱ 300 ኪሎና ከዚያም በላይ የሚመዝን፥ ሰኮናው የተሰነጠቀ፥ የሚያመሰኳ አውሬ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ጠባዮች የጠቀስሁት ሥጋው ለክርስቲያን ይበላል ወይ የሚለውን የዘመዶቼን ጥያቄ ከወዲሁ ለመመለስ ነው።

ወደ ሌላው አውሬ ልለፍ። ኮሎራዶዎች «የተራራ አንበሳ» ይሉታል፤ በሌላው ስፍራ ኩገር፥ ፑማ፥ ፓንተር ይባላል። ፑማ የሚለው ስም በደቡብ አሜሪካ ከሚነገረው ከኬችዋ ቋንቋ የመጣ ነው። ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔየስ በ1771 በላቲን ስም ሲያወጣለት «ኮንኮሎር» አለው፤ ባለ አንድ ቀለም ማለት ነው። በእውነትም ግልገሎቹ ነጠብጣብ ይኑራቸው እንጂ ትልቁ ከአናቱ ጀምሮ የደረቀ ሣር የመሰለ ነው። ከካናዳ ሰሜን ከዩኮን አንሥቶ እስከ ቺሌ ደቡብ ድረስ ይገኛል። ወንዱ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህም የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት ነው። አንበሳ ይባል እንጂ ማግሣት አይሆንለትም፤ ሲደላው እንደ ቤት ድመት ያንኮራፋል። የሥጋ ዝምድናውም ከአንበሳ ይልቅ ለእኛው ለአቦ ሸማኔ ይቀርባል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ በባዕድ አገር የአገር ሰው ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ደስታው ግን በመጽሐፍ ላይ ሳለ ነው።

በ1919 ሳይሆን በ2019፥ ማለት ገና በቅርቡ፥ በጥቅምት ወር መጨረሻ ላይ ከሚከር ከተማ በላይ ወዳለው ደጋ ወጣን። ስፍራው በሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶ ሲሆን ከፍታው የደብረ ብርሃንን ያህል፥ ወደ 2,800 ሜትር ነው፤ ብርዱ ግን ከደብረ ብርሃን ጋራ አይነጻጸርም። ሌሊቱን ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ በረዶ ጥሎ አድሯል። መኪናችንን ትተን ጎሕ ሳይቀድ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ከተጓዝን በኋላ፥ ጥድና ነጭ ግንድ ያለው አስፐን በተቀላቀለበት ተዳፋት ላይ ተቀመጥን። አቀማመጣችን እንዲህ ነበር፦ እኔ ጠመንጃዬን ይዤ ከፊት፥ ጓደኛዬ ከኋላዬ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ። በእጁ በአፍ ስትነፋ የእንስት ኤልክን ድምፅ የምትሰጥ ትንሽ መሣሪያ ይዟል። ዘዴው ኤልኩ የጠራችውን ፍለጋ ወደ ድምፁ ሲመጣ ዐይኑም ጆሮውም ወደ ጓደኛዬ ስለሚሆን እኔን ሳያይ እንዲቀርበኝ ነው።

ጓደኛዬ በየጥቂት ደቂቃው ይነፋል፤ ዝም ይላል፤ ይነፋል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከኋላዬ በግራ በኩል፥ ጥድ ላይ ያለች አንዲት ሽኮኮ ትጮኽ ጀመር። እዚያ አገር ያለችው ሽኮኮ ቀይና ትንሽ ሆና አፏ ግን እንደ መንደር ነገረኛ ነው፤ በግዛቷ የማትወደው ነገር ካለፈ ትሳደባለች። ኤልክ መጣ ብዬ አንገቴን ቀስ እያልሁ አዞርሁ።

ኤልክ አልነበረም። በእኔና በጓደኛዬ መካከል፥ ከወደቀ ግንድ ጥግ፥ በሆዱ የተለጠፈ ነገር አየሁ። በመጀመሪያ የለየሁት ጅራቱን ነው፤ ወፍራምና ረዥም ሆኖ ጫፉ ብቻ ወዲያና ወዲህ ይላል። ቀጥሎ ትከሻው ከራሱ በላይ ከፍ ብሎ ታየኝ። ፊቱ ወደ እኔ አይደለም። የሚመለከተው ጓደኛዬን ነው። ጓደኛዬም ከጥድ ችግኝ ኋላ ጎንበስ ብሎ ተቀምጦ፥ ዐይኑን ወደ ሸለቆው ጥሎ፥ እንደ ገና የእንስቲቱን ድምፅ ነፋ። አውሬው አንድ እግሩን አነሣ፤ ሳይቸኩል አስቀመጠው።

እዚህ ላይ አንባቢዬ «ታዲያ ጠመንጃው ምን ሠራ?» ማለትዎ አይቀርም። ጠመንጃው ምንም ሊሠራ አይችልም ነበር። እኔ፥ አውሬውና ጓደኛዬ በአንድ መስመር ላይ ነን፤ የሳትሁ እንደ ሆነ፥ አልፎም ጥይቱ አውሬውን በስቶ ቢያልፍ፥ የሚያርፈው በሰው ላይ ነው። ወደ ጎን ለመዞር ደግሞ ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ የቀረኝ መሣሪያ አንድ ብቻ ነበር። ብድግ ብዬ ቆምሁና፥ «ወግድ! ወግድ አንተ! ምን ትሠራለህ እዚህ!» ብዬ ጮኽሁ።

እንግሊዝኛውን በትምህርት ቤትም፥ በመሥሪያ ቤትም ስናገር ከኖርሁ ብዙ ዘመን ነው። በዚያች ሰዓት ግን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አፌ አልመጣም። አያቴ ጅብን ከበረት ሲያባርሩ ይሉት የነበረው ነው የመጣልኝ፤ ድምፁም የእኔ ሳይሆን የእርሳቸው ይመስል ነበር።

አውሬው ራሱን አዞረና አየኝ። ዐይኑ ወደ ቢጫ ያደላ ነው። ቁጣ አላየሁበትም፤ ሥራውን ሲሠራ ያቋረጡት ሰው የሚያሳየውን ዐይነት መሰላቸት ነው ያየሁበት። አልሸሸም። ጓደኛዬም በድምፄ ደንግጦ ዞረ፤ አየው፤ እርሱም ቆሞ ካፖርቱን በሁለት እጁ ዘርግቶ ይጮኽ ጀመር። አውሬው አንድ ጊዜ እርሱን፥ አንድ ጊዜ እኔን ተመለከተ። ከዚያ በኋላ በግንዱ ላይ ዘለለና፥ ሳይሮጥ፥ ሽቅብ ወጥቶ በጥዶቹ መካከል ጠፋ። ሽኮኮዋ ስድቧን አላቋረጠችም።

እጃችን መንቀጥቀጡን እስኪተው ጠብቀን ስፍራውን መረመርን። ከግንዱ እስከ ጓደኛዬ መቀመጫ ዐሥራ አንድ እርምጃ ሆነ። በረዶው ላይ የሆዱ ፈር እንደ ተጎተተ ጆንያ ተሥሏል። ኮቴው አራት ጣት ነው፤ ድመት ጥፍሯን ሸሽጋ ስለምትሄድ እንደ ውሻ የጥፍር ምልክት የለበትም። ኮቴውን ተከትለን ወደ መጣንበት ስንመለስ ግን ሌላ ነገር አገኘን። ከመኪናችን ተነሥተን በጨለማ ስንወጣ በተውነው በጫማችን ፈለግ ላይ፥ አንዳንዱን ረግጦ፥ አንዳንዱን በጎኑ አልፎ፥ ያው አራት ጣት ነበረ። ስለዚህ ያየን በድምፁ ብቻ ተጠርቶ መጥቶ አይደለም፤ ወሬ እያወራን ስንሄድ ጀምሮ ነው። እኛ ያየነው ለአንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። እርሱ ያየን ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያውቀው ራሱ ነው።

ብዙ ጊዜ ሳስበው አውሬውን ልወቅሰው አልቻልሁም። የአዳኝ ጥበብ በሙሉ ሰውነትን መደበቅ ነው። ሽታው እንዳይታወቅ ነፋስ በፊቱ ይቀበላል፤ ቁመቱ እንዳይታይ ያጎነብሳል፤ ድምፁን ያጠፋል፤ አልፎም የኤልክን ድምፅ ይዋሳል። ብርቱካንማው ልብስ እንደ ሆነ ለሰው ዐይን የተበጀ ነው፤ የድመት ወገን እንደ እኛ ቀለም አይለይም። እንግዲህ የተራራ አንበሳ ዋና ምግቡ የአጋዘን ዐይነት ነው፤ ተደብቆ፥ ከኋላ ዘሎ፥ ማጅራት መንከስ ነው ሙያው። ጎንበስ ብሎ እንደ እንስት ኤልክ የሚጮኽ ነገር ቢያገኝ ምን ያድርግ? እኛ አውሬ መስለን ቀረብን፤ እርሱም አመነን።

የዱር አራዊት ባለሥልጣኖች የሚሰጡትም ምክር ይህንኑ ይመስላል፤ ተመልሶ ሰው መሆን ነው። ሲያዩት መሮጥ አይገባም፤ የሚሮጥ ነገር ያሳድደዋልና። ማጎንበስም፥ ጀርባ መስጠትም አይገባም። ቀጥ ብሎ ቆሞ፥ ልብስን ዘርግቶ ትልቅ መስሎ፥ በጽኑ ድምፅ እየተናገሩ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ማፈግፈግ፤ ሕፃን ካለ ማንሣት፤ ከያዘ ግን በድንጋይም በዱላም በእጅም መታገል ነው። ይህም ሁሉ ሆኖ ፍርሃቱ መጠን ሊኖረው ይገባል። ከ1890 ወዲህ በሰሜን አሜሪካ በሙሉ በተራራ አንበሳ የሞተው ሰው ሠላሳ አካባቢ ነው፤ መኪና ከአጋዘን ጋራ ተጋጭቶ የሚሞተው በአንድ ዓመት ብቻ ከዚህ ይበልጣል።

ታሪኩን ዴንቨር በአንድ ቡና ቤት ሳወራ አንድ የተከበሩ አዛውንት ጸጥ ብለው ሰሙኝና፥ «ታዲያ ገደልኸው?» አሉኝ።

«አልገደልሁትም፥ አባባ፤ ሄደ» አልኋቸው።

«እንግዲያ ምን ብለህ ልትፎክር ነው?» ብለው ሥቀው ስኒያቸውን አነሡ። እርሳቸው ያደጉት አንበሳ የገደለ ጎፈር፥ ነብር የገደለ ለምድ በሚለብስበት ጊዜ ትዝታ ነው። አሜሪካኖችም የራሳቸው ፎካሪ ነበራቸው። በ1901 ዓመት መግቢያ ቴዎዶር ሩዝቬልት ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተመርጦ ሥራውን ሳይጀምር፥ በውሻ እያሳደደ የተራራ አንበሳ ያደነው በዚያው በሚከር አካባቢ ነበር። ከዚያም በኋላ ለረዥም ጊዜ መንግሥት ለገደለ ገንዘብ ይከፍል ነበር። ኮሎራዶ ይህን ትታ በፈቃድና በቁጥር የሚታደን ያደረገችው በ1965 ነው። ዛሬ ከ3,800 እስከ 4,400 የሚሆኑ ጎልማሶች እንዳሉ መሥሪያ ቤቱ ይገምታል፤ በያመቱም 500 ያህል ይታደናሉ፤ አብዛኛውም እንደ ሩዝቬልት ጊዜ ውሻ አሳድዶ ዛፍ ላይ ካወጣው በኋላ ነው።

በኅዳር 2024 ይህ አደን ጨርሶ ይከልከል የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ነበር። ከመቶ 55 ያህሉ አይከልከል ስላለ ሐሳቡ ወደቀ። በእኛም መካከል ክርክሩ ቀላል አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነች የእኅቴ ልጅ፥ «ዛፍ ላይ የተቀመጠን መተኮስ ምን ጀግንነት አለው?» ብላ ሞገተችኝ። እውነቷን ነው፤ ጀግንነት የለውም። እኔ ግን በግ ያለው ጎረቤትም ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ቁጥር ከተወሰነና ቁጥሩ ከተጠበቀ ይፈቀድ ከሚሉት ወገን ሆንሁ። እርሷም እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም። ይሁን እንጂ ፈቃዱን እኔ ራሴ ገዝቼ አላውቅም፤ ወደ ፊትም አልገዛም። ዐሥራ አንድ እርምጃ ላይ ቆሞ እንደዚያ ከተመለከተኝ በኋላ እጄ እሺ የሚለኝ አይመስለኝም።

ጓደኛዬና እኔ አሁንም በየዓመቱ እንወጣለን። የተለወጠ ነገር ቢኖር የሚጠራው ሰው ጀርባውን ለትልቅ ግንድ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ደግሞም በዚያ ቀን ምን እንዳልሁ ሲጠይቀኝ ትርጉሙን ነግሬው ነበርና፥ ጨለማ ሳለ ጥቅጥቅ ወዳለው ጥድ ልንገባ ስንል ቆም ይልና፥ ጉሮሮውን ጠርጎ፥ ለማንም የማይታይ አንድ አካል ያለ ይመስል፥ «ወጊድ! ወጊድ አንታ!» ይላል።