ያልጠረጠረ ተመነጠረ

ሰው በገዛ ገንዘቡ ሲታለል ነገሩን ማድበስበስ ይወዳል። እኔም ሁለት ወር ሙሉ አድበስብሼዋለሁ። ባለቤቴ እንኳ ሙሉውን ታሪክ የሰማችው በጋዜጣ ልጽፈው ከቆረጥኩ በኋላ ነው። ዝምታዬን ያስጣለኝ ደግሞ በቅርቡ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ የሰማሁት ወሬ ነው። አጠገቤ የነበረ ወዳጄ «በኢንተርኔት አንድ ጥሩ አምፕሊፋየር በግማሽ ዋጋ አግኝቻለሁ፤ ነገ ጠዋት ገንዘቡን እልካለሁ» ሲል ሰማሁና አላስቻለኝም። ወደ ጓሮ ወሰድኩትና የደረሰብኝን አንድ ባንድ ነገርኩት። ገንዘቡን አልላከም። እንግዲያው አንዱን ያዳነ ወሬ ሌላውንም ያድን ይሆናል ብዬ ውርደቴን ዋጥ አድርጌ ይህችን ጽፌያለሁ።

የነገሩ መነሻ አንድ የጫማ ካርቶን ነው። በካርቶኑ ውስጥ ሦስት ካሴቶች አሉ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ እ.ኤ.አ. በ1984 በሱዳን በኩል ከአገር ከወጣሁ በኋላ፣ ካርቱም ሳለሁም ሆነ አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ፣ ደብዳቤዋ ካሴት ነበር። የጎረቤት ልጅ ቴፕ ይዞ ይመጣላታል፤ ቀዩን ቁልፍ ይጫንላታል፤ እሷ ትናገራለች። ካሴቱ በሰው ኪስና በሰው ሻንጣ፣ አንዳንዴም በርበሬ ውስጥ ተቀብሮ ይደርሰኛል። የዚያ ዘመን ስደተኛ ይህን አይስተውም። እናቴ በ1994 ዐረፈች፤ ድምፅዋ በእነዚያ ሦስት ካሴቶች ቀረ።

እዚህ ሜሪላንድ የተወለደችው ልጄ ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ሳለ «አባዬ፣ የአያቴን ድምፅ አሰማኝ፤ ለልጄም ይቀመጥልኝ» አለችኝ። አሮጌውን ቴፔን ከምድር ቤት አውጥቼ አንዱን ካሴት ከተትኩ። እናቴ «እንደምን ከረምክ» ከማለቷ ቴፑ ካሴቱን በላው። ክሩን ቀስ ብዬ አላቅቄ በእስክሪብቶ እያዞርኩ እስክሰበስበው ድረስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዳግመኛ እነዚህን ካሴቶች ለማይረባ ቴፕ እንደማልሰጥ ያን ዕለት ማልኩ።

ካሴት ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ በ1963 ለዓለም ያስተዋወቀው ነገር ነው። ለሱ የሚሆኑት ምርጥ ቴፖች የተሠሩት በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ሲሆን፣ ዛሬ በአዲስነት የሚሸጡት ጥቂቶች ከነዚያ ጋር አይወዳደሩም። ስለዚህ ጥሩ ቴፕ የፈለገ ሰው ያገለገለ መግዛት ግድ ይሆንበታል። አጭበርባሪም ይህን ስለሚያውቅ እዚያው መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ዕቃው ከገበያ የጠፋ ነው፤ ዋጋው ንሯል፤ ሻጩ ያለው ሌላ ክፍለ ግዛት ነው፤ ገዢው ደግሞ በፎቶግራፍ ድምፅ መስማት አይችልም።

በእኛ ጊዜ መርካቶ ቴፕ የሚገዛ ሰው «እስቲ አስጩኸው» ይላል። ካሴት ያስገባል፣ ወደፊትና ወደኋላ ያጠነጥናል፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ያም ሆኖ ካርቶኑ ተለውጦበት ቤቱ ሲደርስ ጡብ የሚያገኝ ሞልቶ ነበር። ሳያስጮህ የገዛማ ምን ሊያገኝ ነው?

የእኔ ሰውዬ በአንድ የታወቀ የኢንተርኔት ገበያ ላይ ባለ ሦስት ሄድ ናካሚቺ ቴፕ አውጥቶ ነበር። ሌሎች ከ600 እስከ 900 ዶላር የሚጠይቁበትን እሱ 280 ዶላር ብሏል። ጻፍኩለት። ስሜን አይቶ ኖሮ በላቲን ፊደል «ሰላም ወንድሜ» ብሎ መለሰልኝ። ሚስቱ የአገሬ ልጅ እንደሆነች፣ እሱም ዶሮ ወጥ እንደሚወድ አጫወተኝ። ፔንሲልቬንያ ነው ያለሁት አለ። ልቤ ረሰረሰ። ማን ጠይቆኝ እንደሆነ እንጃ፣ የእናቴን ካሴቶች ነገር ከነልጄ እርግዝና ዘረገፍኩለት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስለ ቴፑ መነጋገር አቆምንና ስለ እናቴ መነጋገር ጀመርን።

በማግስቱ «በገበያው በኩል ከጨረስነው ኮሚሽን ይቆርጡብናል፤ በስልክ እንነጋገር» አለኝ። ቀጥሎ «ሌላ ሰው ነገ ጠዋት ሊወስደው ነው፤ ግን የእናትህ ድምፅ ጉዳይ ስለሆነ ለአንተ ይዤልሃለሁ፤ ገንዘቡን ለዘመድ እንደሚላክ አድርገህ በስልክህ ላክልኝ» አለ። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ ላክሁ።

የፖስታ መከታተያ ቁጥርም መጣልኝ። እንዴት ያለ ሐቀኛ ሰው ነው እያልኩ ስጠባበቅ በአምስተኛው ቀን «ዕቃው ደርሷል» የሚል መልእክት አየሁ። ደጄ ላይ ግን ምንም የለም። ፖስታ ቤት ሄጄ ስጠይቅ፣ ጥቅሉ በከተማችን መድረሱ እውነት ቢሆንም የሄደው ወደ ሌላ አድራሻ መሆኑንና ክብደቱም ጥቂት ኦውንስ ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። እንዲህ ያለ ቴፕ ከ10 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። ለካስ ሰውዬው በእኛ ሰፈር ላለ ለማይታወቅ ቤት ባዶ ፖስታ ልኮ፣ «ደርሷል» የሚለውን ቃል ብቻ ነው የገዛው! ስልኩም ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። ባንኬ ደግሞ «ፈቅደህ የላክኸው ነው» ብሎ አሰናበተኝ።

እጅግ ያንገበገበኝ ግን ከዚህ በኋላ ያየሁት ነው። ፎቶግራፉን እንደገና አተኩሬ ስመለከት ከቴፑ ጀርባ ግድግዳው ላይ አንድ ሶኬት ይታያል። ክብ፣ ሁለት ክብ ቀዳዳ ያለው፣ አገር ቤት የምናውቀው ዓይነት ሶኬት ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ እንዲህ ያለ ሶኬት ከየት ይመጣል? ፎቶግራፉ አውሮፓ ውስጥ ከወጣ የቆየ ማስታወቂያ የተሰረቀ ነበር። ልጄ በጉግል ምስል ፍለጋ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አገኘችው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ባለው ሶኬት ስጠቀም የኖርኩ ሰው እንዴት ሳላየው ቀረሁ? መልሱ ያሳፍራል። ሶኬቱ የቤታችንን ስለመሰለ አልጎረበጠኝም። «ሰላም ወንድሜ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የተታለልኩት ባላወቅሁት ነገር ሳይሆን በለመድኩት ነው። ሌባው በሩን አልሰበረም፤ እኔው በናፍቆቴ ከፍቼ አስገባሁት።

እንግዲህ በ280 ዶላር የተማርኩትን በነፃ ልስጣችሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ዕቃውን ለምን እንደምትፈልጉት ለሻጭ አትንገሩ። የሙት ድምፅ ይሁን የሠርግ ካሴት የእናንተ ነው። ሐቀኛ ሻጭ ታሪካችሁን አይፈልገውም፤ አጭበርባሪ ግን መልሶ ይሸጥላችኋል።

ዋጋው ከሌላው ከግማሽ በታች ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁ። «ልሄድ ነው»፣ «ተፋታሁ»፣ «አባቴ ሞቶ ነው» የሚሉት መልሶች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን ከጥድፊያ ጋር ሲመጡ ጠርጥሩ።

በፎቶግራፍ አትርኩ። ከላይ ያልኩትን የምስል ፍለጋ አድርጉ። ከዚያም ስማችሁና የዕለቱ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ከዕቃው አጠገብ ተቀምጦ እንዲነሣላችሁ፣ የጀርባው መለያ ቁጥርም እንዲታይ ጠይቁ። በአሁኑ ጊዜ ምስልን በኮምፒዩተር መፈብረክ ስለሚቻል፣ ይበልጥ የሚያዋጣው በቪዲዮ ስልክ ፊት ለፊት እያያችሁ ካሴት እንዲያስገባና ቁልፎቹን ሁሉ እየተጫነ እንዲያስጮህ ማድረግ ነው። ሰበብ ካበዛ ተዉት።

ቃላቱን አመዛዝኑ። «መብራቱ ይበራል» ማለት ይሠራል ማለት አይደለም። መብራቱ እየበራ ቺንጋው የቀለጠ፣ ሄዱ ያለቀ ቴፕ ብዙ ነው። «አልሞከርኩትም» የሚለውም ሰው እንደዚሁ ነው፤ አሮጌ ካሴት በአንድ ዶላር እየተገኘ ያልሞከረው ውጤቱን ስለሚያውቅ ሊሆን ይችላል።

የሻጩን ታሪክ ወደኋላ ሄዳችሁ እዩ። ትናንት የተከፈተ ስም አንድ ምልክት ነው። ለዓመታት የሕፃን ልብስ ሲሸጥ ኖሮ ድንገት ሃያ ውድ አምፕሊፋየር የደረደረም ሌላ ምልክት ነው፤ ስሙ ከባለቤቱ ተሰርቆ ሊሆን ይችላልና።

ስለ ክፍያው። ከገበያው ውጭ እንጨርስ የሚላችሁ ሰው ከዋስትናችሁ ሊያወጣችሁ ነው። በፔይፓል «ለወዳጅና ለቤተሰብ» በሚለው መንገድ ለዕቃ አትክፈሉ፤ የገዢ ዋስትና የለውም። በስጦታ ካርድ ክፈሉኝ የሚል ሻጭማ ያለ ጥርጥር ሌባ ነው። አሜሪካ ውስጥ በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው ግን ከ1974 ጀምሮ የሚጠብቀው ሕግ አለ። የከፈለበት ዕቃ ካልደረሰው፣ ሒሳቡ የታየበት የመጀመሪያው መግለጫ ከተላከለት ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለካርድ ሰጪው በጽሑፍ ማመልከት ይችላል። እኔ ካርዴን ኪሴ አድርጌ ነው የተመነጠርኩት።

ዕቃው ሲደርስ ሚዛኑን አስተውሉ፤ ስትከፍቱትም ቪዲዮ አንሡ። ጉድለት ካገኛችሁ በዚያው ዕለት ለገበያው አመልክቱ። ከተታለላችሁም አትፈሩ፣ ለኤፍ ቢ አይ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከል ጻፉ። እኔ ጽፌያለሁ፤ ገንዘቤ አልተመለሰም፤ ነገር ግን የሰውዬው ስልክ ቁጥር መዝገብ ገብቷል።

በመጨረሻም፣ ሐበሻነት ደረሰኝ አይደለም። ይህን ስል ወገን አይታመን ማለቴ አይደለም። ወንድሜ የሚላችሁን ወንድሜ በሉት፤ ቴፑን ግን አስጩኹት።

ቴፑስ ምን ሆነ ትሉ ይሆናል። ከወራት በኋላ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ፍሬድሪክ አካባቢ፣ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ያወጡት ማስታወቂያ አየሁ። ፎቶግራፉ የደበዘዘ፣ ጽሑፉም ሁለት መስመር ነበር። ስጽፍላቸው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ «የቀኝ ድምፁ ትንሽ ያንሳል፤ አንዱ አምፖል ተቃጥሏል፤ ና ስማው፤ ካልወደድከው ተወው» አሉኝ። እንዴት ያሉ ነጭናጫ ናቸው አልኩ። ነገር ግን ያልጠየቅኋቸውን ጉድለት አስቀድመው የነገሩኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ልጄን ይዤ ቅዳሜ በቀትር ሄድኩ። የእናቴን ካሴት ሳይሆን ቢበላ የማይቆጨኝን አንድ አሮጌ ካሴት ይዤ ነበር። በሁለቱም ወገን እስከ መጨረሻው አጫወትኩት፣ አጠነጠንኩት፣ አልበላውም። 450 ዶላር ቆጥሬ ሰጠኋቸውና ተጨባበጥን።

ያን ማታ ድምፁን ወደ ኮምፒዩተር እየገለበጥን ሦስቱንም ካሴቶች ሰማን። ዶሮ ይጮኻል፤ በስተጀርባ ሰው ቡና ይወቅጣል። እናቴ በየመካከሉ «ኧረ ለዚህ ሣጥን ነው የማወራው፤ ትሰማኛለህ?» ትላለች። ልጄ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። ለመተርጐም ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ።

ቸር ያሰማን።