እማየ የተኛችባት ሌሊት



ፈተናው አልቆ ወደየቤታችን ልንበተን ጥቂት ቀናት ቀርተውናል። ሁሉም ሻንጣውን በሚሸክፍበት በዚህ ሰሞን እኔም ስለ አንድ ጉዞ ላውጋችሁ። እናትና አባቴ ባለፈው ዓመት ለዑምራ ሲሄዱ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሌሊት አድረው ነበር። ያችን ሌሊት በሁለት ነገር አስታውሳታለሁ፤ እማየ ስለተኛች፣ እኔ ደግሞ ስለዋሸሁ።

ታላቅ እህቴ ጅዳ ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ካጠራቀመችው ላይ የሁለቱንም የዑምራ ወጪ ቻለች። ቲኬታቸውን በቴሌግራም ከላከችልኝ በኋላ ሌላ መልእክት አስከተለች፤ ቦሌ ኤርፖርት አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ለአንድ ሌሊት ክፍል ይዣለሁ የሚል።

“አጎታችን ጀሞ እያለ?” አልኳት።

ወሎ ያደገ ሰው የጥያቄውን ክብደት ይረዳዋል። አጎቴ የአባየ ታናሽ ወንድም ነው፤ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ከአገራችን ለሕክምና የመጣ፣ ለፓስፖርት የመጣ፣ ፍርድ ቤት የተቀጠረ ሁሉ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎለት ያድራል። እኔም ግቢ ገብቼ ዶርም እስኪደርሰኝ ድረስ ያደርኩት እዚያው ነው። የወንድሙን መምጣት ከሰማ ጀምሮ በግ ገዝቶ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ለዱዓ ጠርቶ እየጠበቀ ነበር።

የእህቴ መልስ በድምፅ መጣልኝ። ታክሲ ውስጥ፣ ሳሪስ አካባቢ ሆኜ ነበር የሰማሁት። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም የመጣው ድሮ በዚያ ከነበረው ሽቦ አልባ የመልእክት ጣቢያ ነው ይባላል፤ የእሷም ድምፅ ባሕር ተሻግሮ በዚያው ሰፈር ደረሰኝ።

“የእማየን ጉልበት ታውቃለህ። አራት ፎቅ ያለ ሊፍት እንዴት ትወጣለች? ከወጣችስ በኋላ ቤቱ በሰው ይሞላል፤ እሷም እንግዳ መሆኗን ረስታ ጓዳ ትገባለች። ሲነጋ አውሮፕላን አለባት። እኔ ሰባት ዓመት የሰው አልጋ አንጥፌያለሁ። እናቴ አንድ ቀን ሌላ ሰው ያነጠፈው አልጋ ላይ ትተኛ።”

መልስ አልነበረኝም። የቸገረኝ ይህን ለአጎቴ መንገሩ ነው። ስለዚህ ደወልኩና እንዲህ አልኩት፦ “ጋሼ፣ አየር መንገዱ ነው ሆቴል የያዘላቸው። ግዴታ እዚያው ማደር አለባቸው ተብሏል።”

ውሸቱ እውነት የሚመስል ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጣዩን በረራ ረዥም ሰዓት ለሚጠብቁ የትራንዚት መንገደኞች ሆቴል እንደሚሰጥ ብዙ ሰው ያውቃል። በ2011 ዓ.ም የተከፈተው የራሱ ስካይላይት ሆቴልም ዛሬ ከ1,000 በላይ ክፍሎች አሉት። የእኔ እናትና አባት ግን ከኮምቦልቻ በአውቶቡስ የሚመጡ፣ ሆቴላቸውም በልጃቸው ገንዘብ የተያዘ መንገደኞች ነበሩ። አጎቴ ትንሽ ዝም አለና “ግዴታ ከሆነ ምን ይደረጋል” አለ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

አውቶቡሱ ከሌሊት ተነሥቶ በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን አድርጎ ላምበረት መናኸሪያ ሲገባ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። እማየ የአውቶቡሱን ደረጃ የወረደችው በአባየ ትከሻ ተደግፋ ነው። በእጇ ለእህቴ የያዘችው ጭኮ አለ፤ መንገዱን ሙሉ ለማንም አላስያዘችውም።

ክፍሉ ሲከፈት ሁለቱም በሩ ላይ ቆሙ። አባየ ጫማውን አወለቀ። እማየ አንሶላውን በጣቷ ነካ አድርጋ “ይኸን ማን አጥቦት ነው?” አለች። ትዳር ከያዙ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሆቴል አድረው ግን አያውቁም። ቂብላውን በስልኬ ፈለግኩላቸው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ነው፣ እነሱ በመጡበት በወሎ አቅጣጫ። ዙህርና ዐስርን አሳጥረው፣ ሁለት ሁለት ረከዓ አድርገው በአንድነት ሰገዱ። እማየ ካሰላመተች በኋላ “አለቀ?” ብላ አባየን ጠየቀችው። “ለሙሳፊር ጌታችን ያቀለለው ነው” አላት።

እህቴ በኢሞ ስትደውል እማየ የአልጋውን ልብስ እያስተካከለች ነበር። “እማየ አትንኪው!” ብላ ጮኸች እህቴ። “ተኚበት ብዬ ነው የከፈልኩት!” እማየ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ጋደም አለች። ስልኩ ሳይዘጋ እንቅልፍ ወሰዳት።

አባየ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ስቦ ተቀመጠ። መግሪብ ሲደርስ ልቀሰቅሳት ብነሣ በእጁ ከለከለኝ። “ሙሳፊር ናት፤ መግሪቧን ከዒሻ ጋር ትሰግዳለች” አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ሠላሳ ዓመት ከእኔ ቀድማ ተነሥታለች። ዛሬ እኔ ልጠብቃት” አለኝ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከእንግዳ መቀበያው ተደወለ። ስወርድ አጎቴ ቆሟል፤ ባለቤቱ በትልቅ ሳህን የተቋጠረ ምግብና ቴርሞስ ይዛለች። ከጀሞ ተነሥተው በቀለበት መንገዱ፣ በለቡና በሳሪስ በኩል መጥተዋል። አጎቴ የእንግዳ መቀበያውን ልጅ ይለማመጠዋል፦ “ልጄ፣ ለአየር መንገዱ ሰዎች እኔ ልፈርምላቸው። ቤቴ ይደሩና ጠዋት ራሴ አደርሳቸዋለሁ።”

ልጁ ግራ ገባው። “አባቴ፣ አየር መንገድ የለበትም። ክፍሉን የከፈለችው ልጃቸው ናት። መሄድ ከፈለጉ ማንም አይከለክላቸውም” አለ።

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። “አንተ ቤቴ አድረህ የለም ወይ?” አለኝ፤ “ምን ጎደለብህና ነው እኔን የዋሸኸኝ?”

እሱን ላለማስከፋት የተናገርኩት ውሸት አንድ የተከበረ ሰው እንግዳ መቀበያ ላይ ቆሞ እንዲለምን አደረገው። እውነቱን ቀድሜ ብነግረው የሚከፋው በልጅቷ ሐሳብ ብቻ ነበር። አሁን ግን ቤቱ እንደተናቀ፣ መናቁም እንደተደበቀበት ሆኖ ተሰማው።

አባየ ከላይ ወርዶ ሁሉን ሰማ። መጀመሪያ ወደ እኔ ዞሮ “አውፍ በለኝ በለው” አለኝ። የአጎቴን ጉልበት ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ እህቴ ያለችውንም፣ ስለ ጉልበቷም፣ ስለ አራቱ ፎቅም፣ ስለ ሰባቱ ዓመትም አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። አጎቴ መሬት መሬት እያየ አዳመጠ። የአጎቴ ሚስት ይህን ጊዜ ወደ ክፍሉ ወጥታ ነበር። ስትመለስ ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና “ተኝታለች” አለች። “እኔ ይኸን ቤተሰብ ከተቀላቀልኩ ጀምሮ እትየን ተኝታ አይቻት አላውቅም። ማንም እንዳይቀሰቅሳት።”

አጎቴ ብዙ ቆይቶ “ቤቴ ብትሆን ኖሮ ይኸኔ ቡና ትቆላ ነበር” አለ። ከዚያ ሳቀ።

ለዒሻ በዚያው ፎቅ ካለች ባዶ ጥግ ላይ ሦስታችን ተሰለፍን። አጎቴ አባየን “ጋሼ፣ አንቱ ቅደሙ” አለው። አባየ መንገደኛ ነውና ሁለት ረከዓ ሰግዶ አሰላመተ፤ እኔና አጎቴ ነዋሪዎች ነንና ተነሥተን የቀረንን ሁለት ሞላን። አንድ ኢማም ተከትለን በአንድ ሰፍ ቆመናል፤ ሸሪዓው ግን ለደከመው አሳጥሮለት እኛን ሙሉውን አሰገደን። አጎቴም ይህን ሳያስብ አልቀረም፤ ከሰላት በኋላ አባየን “በሉ ይረፉ። ስትመለሱ ግን ሦስት ቀን የእኔ ናችሁ” አለው።

እማየ የነቃችው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ሰገደች፤ ከጀሞ የመጣላትን ቅቅል በላች፤ መልሳም ተኛች። ሲነጋ አባየ የኢሕራም ልብሱን ከሆቴሉ ለብሶ ወጣ፤ ኒያውን አውሮፕላኑ ሚቃት ላይ ሲደርስ ሊነይት። ክፍሉን ልንዘጋ ስንል እማየ ተመልሳ አልጋውን አነጠፈችው። “ለምታጸዳው ልጅ ላቅልላት” አለች። ይህን ለእህቴ ስነግራት ለረዥም ጊዜ ምንም አልተናገረችም።

ሲመለሱ በቃላቸው መሠረት ጀሞ ገቡ። እማየ አራቱን ፎቅ በየደረጃው እያረፈች፣ ዘምዘሙን ለልጆች አስይዛ ወጣች። ሦስት ቀን በዱዓና በቡና አለፈ። ጓዳ እንደምትገባ የገመትነውም አልቀረ፤ ገባች።

ከዚያ ወዲህ የሰልማንና የአቡ ደርዳእ ታሪክ በሌላ መልኩ ይታየኛል (ረዲየላሁ ዐንሁማ)። ሰልማን አቡ ደርዳእ ቤት በእንግድነት አደረ። ባለቤቱ ሌሊቱን ሙሉ ሊሰግድ ሲነሣ እንግዳው “ተኛ” እያለ መለሰው፤ በሌሊቱ መጨረሻ ግን ቀስቅሶት አብረው ሰገዱ። ለጌታህም፣ ለነፍስህም፣ ለቤተሰብህም የሚገባቸውን ሐቅ ስጥ ሲልም መከረው፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ሰልማን እውነት ተናገረ አሉ። እኛ ቤት ይህን ሐቅ ያስታወሰችን ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህቴ ናት።

እንግዲህ እያንዳንዳችን ቤት ስንደርስ አንድ ያልተኛች እናት ትጠብቀናለች። ገና ሳንደርስ በሌሊት ተነሥታ ዳቦ ትደፋለች። ሆቴል መያዝ የሚችል ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም፤ ጀሪካኑን ተቀብሎ፣ እሳቱን አንድዶ “እማየ፣ ዛሬ ጋደም በይ” ማለት ግን እንችላለን። ለሰው የሚከብድ እውነት ካለም በጊዜና በአደብ እንናገረው፤ ኋላ እንግዳ መቀበያ ላይ ከሚሰማው ይሻላል።

አላህ ጉዟችሁን ያግራላችሁ፤ በሰው አገር የሚደክሙ እህቶቻችንንም በሰላም ለወላጆቻቸው ያብቃቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።